በቆላ ሙቀት በሞተር ብስክሌት ለሚጓዙ አገልጋዮች የሚሆን ምክር

ዛሬ በብዙ አካባቢዎች የገጠር አጥቢያን ከወረዳ ከተማ ጋር የሚያገናኘው መጓጓዣ ሞተር ብስክሌት ነው። የውኃ ቦኖ የሚጠግነው ባለሙያ፣ የችግኝ ጣቢያ የሚጎበኘው የልማት ሠራተኛ፣ ለአገልግሎት ወደ ሩቅ አጥቢያ የሚጠራው ካህን፣ ሁሉም መንገዳቸውን የሚገፉት በዚሁ መጓጓዣ ነው። በደጋ ይህን ጉዞ የሚፈትነው ብርድና ዝናብ ሲሆን በቆላ ሙቀት ነው። ብርድን ለመከላከል ጋቢ መደረብ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ሙቀት ሲመጣ ግን የብዙው ሰው ሐሳብ ልብስ ማውለቅ ነው፤ በሞተር ላይ ሲሆን ይህ ልማድ ተጓዡን ለከፋ ጉዳት ያጋልጠዋል።

ሙቀት ሰውን ከመጣሉ አስቀድሞ ማስተዋሉን ይቀንሳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢያዞረው ከዛፍ ሥር አረፍ ይላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተረኛ ግን ሁለት ሰከንድ ቢዘናጋ 28 ሜትር ያህል መንገድ ሳያስተውለው ያልፈዋል፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ከብት፣ ሕፃን ወይም የቆመ የጭነት መኪና ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ ከምቾት ያለፈ፣ ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ነው። ጉዳዩም የሞተረኛው ብቻ አይደለም። ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ሠራተኛው መቼ እንደሚላክ፣ ለጉዞ ምን እንደሚገዛለት የሚወስነው የሰበካ ጉባኤው ነውና።

ከደጋ ወደ ቆላ በአንድ ቀን

የአገራችን መልክዓ ምድር ይህን ጉዳይ ልዩ ያደርገዋል። አንድ ሰው በማለዳ ከብርድ ተነሥቶ እኩለ ቀን ሳይሆን ከጽኑ ሙቀት ሊገባ ይችላል። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደውን መንገድ ለምሳሌ እንውሰድ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ የመተማ ዮሐንስ ከፍታ ግን 700 ሜትር እንኳ አይሞላም። መንገዱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚሞቅ፣ በከፍታው ልዩነት ብቻ ወደ ዘጠኝ ዲግሪ ይጨምራል። በዚህ ላይ የቀኑ ፀሐይ ይታከልበታል። በመጋቢትና በሚያዝያ በመተማ ቆላ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደሴ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሰውም እንዲሁ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ወርዶ ከአፋር ሜዳ ይደርሳል።

የሰው አካል ሙቀትን የሚለማመደው ቀስ በቀስ ነው። የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ አካሉ በቂ ላብ ማመንጨትንና ጨው መቆጠብን እስኪማር ድረስ ከሰባት እስከ 14 ቀናት ይወስድበታል። የሥራ ጤና ባለሙያዎች ለሙቀት አዲስ የሆነ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በሙቀት ውስጥ የሚሠራበት ጊዜ ከተለመደው 20 ከመቶ እንዳያልፍ፣ ከዚያም በየቀኑ 20 ከመቶ እየተጨመረ እንዲሄድ ይመክራሉ። አዲስ የተቀጠረ የልማት ሠራተኛ በደረሰ ማግሥት ቀኑን ሙሉ ቆላ ለቆላ እንዲዞር ማድረግ ከዚህ ምክር ጋር ይጋጫል። ለረጅም ጊዜ በደጋ ቆይቶ የተመለሰ ነባር ሠራተኛም ልምምዱን ከሞላ ጎደል ስለሚያጣ እንደ አዲስ ሊታይ ይገባዋል።

ነፋስ የሚያቀዘቅዘውና የሚያሞቀው መቼ ነው?

ብዙ ሞተረኞች «ሞተሩ ሲሄድ ነፋሱ ያቀዘቅዘኛል» ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነት የሚሆነው እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። የሰው ቆዳ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ነው። አየሩ ከዚህ ቀዝቃዛ ከሆነ የሚያልፈው ነፋስ ከቆዳ ላይ ሙቀት ይወስዳል። አየሩ ከቆዳው የሞቀ ከሆነ ግን ነፋሱ ሙቀት ይዞ ይመጣል። ዳቦ የምትጋግር እናት የምድጃውን ክዳን ስትከፍት ፊቷን የሚመታት ወላፈን አያቀዘቅዛትም፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ወደ ሞተረኛው ደረት የሚነፍሰውም አየር እንዲሁ ነው።

ታዲያ በዚያ ሙቀት አካል የሚድነው በምንድን ነው? በላብ ነው። የሸክላ እንስራ ይህን በሚገባ ያስረዳል። በእንስራው ቀዳዳዎች የሚወጣው ርጥበት በውጪው ገጽ ላይ ሲተን ከውስጥ ያለውን ውኃ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ውኃው ቀዝቅዞ ይገኛል። ላብም ከቆዳ ላይ ሲተን እንደዚሁ ያደርጋል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ከአካል ይወስዳል። ተንጠባጥቦ መሬት የሚወድቅ ላብ ግን ጥቅም የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው የተነነው ብቻ ነው።

ልብሱን አውልቆ በሸሚዝ ብቻ የሚጓዝ ሰው የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ደረቁና ፈጣኑ ነፋስ ላቡን ገና ሳይታይ ያደርቅበታል። ቆዳው ደረቅ ስለሆነ አላበኝም ብሎ ያስባል፤ በእውነቱ ግን በየሰዓቱ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ውኃ እያጣ ሊሆን ይችላል። በአንድ በኩል ትኩስ ነፋስ፣ በሌላ በኩል ፀሐይ ያሞቁታል፤ የውኃ ክምችቱም በፍጥነት ያልቃል። በበረሃ የሚኖሩ ሕዝቦች ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ሰፊ ልብስ መልበሳቸው ይህን ከረጅም ዘመን ልምድ ስለተረዱ ነው።

አለባበስ

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው። የአየሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲሆን ነፋስ የሚያስገባ ጃኬት ይለበስ፤ የአየር ማስገቢያዎቹም ይከፈቱ። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ሰውነት ይሸፈን፤ ከውስጥም ርጥበት ይኑር። ከጃኬቱ ሥር የሚለበሰውን የጥጥ ካናቴራ በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ መልበስ ከሁሉ የሚረክስና የሚጠቅም ዘዴ ነው። በጃኬቱ እጅጌና አንገት በኩል በመጠኑ የሚገባው አየር ካናቴራውን ቀስ እያለ ያተነዋል፤ ተጓዡም የራሱን ላብ በመቆጠብ በተነከረው ውኃ ይቀዘቅዛል። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ካናቴራው ብዙ ሳይቆይ ስለሚደርቅ በየዕረፍቱ እንደገና ይነከር። በአንገት ዙሪያ የሚታሰር እርጥብ የጥጥ ጨርቅም እጅግ ይረዳል። ጫፉ ግን ከጃኬቱ ውስጥ መግባት አለበት።

አየሩ ርጥበት የበዛበት ከሆነ፣ ለምሳሌ በጋምቤላ በዝናቡ ወራት፣ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም። አየሩ አስቀድሞ በውኃ ስለተሞላ ላብም ሆነ የተነከረ ጨርቅ በቀላሉ አይተንም። በዚያ የሚያዋጣው ነፋስ የሚያሳልፍ ልብስ፣ አጫጭር ጉዞና ተደጋጋሚ ዕረፍት ነው።

የላይኛው ልብስ ነጣ ያለ ቀለም ቢኖረው የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፤ ሌሎች አሽከርካሪዎችም ከሩቅ ያዩታል። ረጅም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማና ጓንት በሙቀትም ቢሆን አይቀሩም። የሞተሩ ማርሚታ ባዶ እግርን ያቃጥላል፤ ሰው ሲወድቅም አስቀድሞ መሬት የሚነካው መዳፉ ነው። በቀትር ፀሐይ የዋለ አስፋልት ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ካህናት አባቶችና እናቶች ከኋላ ተሳፍረው ሲጓዙ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። የነጠላ ጫፍ፣ የቀሚስ ዘርፍ ወይም የካባ ጠርዝ ከካቴናው ወይም ከኋላው ጎማ ሽቦ ጋር ከተጠመጠመ ተሳፋሪውን ጎትቶ ይጥለዋል፤ በአንገት ላይ የተጣለ ነጠላ ከሆነም አንቆ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ነጠላውና ካባው ታጥፈው በቦርሳ ይያዙ፤ ቀሚሱም ከጉልበት በላይ ተሰብስቦ በመታጠቂያ ይታሰርና ከሥሩ ሱሪ ይለበስ። ወደ ጎን ዞሮ መቀመጥ ሚዛንን ስለሚያናጋ ግራና ቀኝ እግርን በመርገጫው ላይ አድርጎ መቀመጥ ይገባል።

የራስ ቁር

በቆላ ብዙዎች በተለምዶ ሄልሜት የምንለውን የራስ ቁር «ያፍናል» እያሉ በሞተሩ ላይ አንጠልጥለውት ይሄዳሉ። የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አጠቃሎ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ ግን የራስ ቁር በሞተረኞች ላይ የሚደርስን ሞት በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ የሚፈለገው መፍትሔ ቁሩን ማስቀረት ሳይሆን ሙቀቱን መቀነስ ነው። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀለም ያለውና የአየር ማስገቢያ ያለው ይመረጥ። ፀጉርን በውኃ አርሶ ማድረግ፣ ወይም ከሥሩ እርጥብ ስስ የጥጥ ቆብ መልበስ ለጊዜው ያቀዘቅዛል። በዕረፍት ጊዜ ቁሩን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ጥምጥም ወይም ወፍራም ቆብ ላይ የተደረገ የራስ ቁር ግን በትክክል ስለማይገጥም አደጋ ሲደርስ ከራስ ላይ ይወልቃል። ጥምጥሙ በቦርሳ ተይዞ ሲደረስ ቢደረግ ክብሩ አይጓደልም።

ውኃ፣ ጨውና ጾም

ጥም እስኪመጣ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ ጥም ሲሰማ አካል አስቀድሞ ውኃ ጎድሎበታል። በሙቀት ለሚሠራ ሰው የሚመከረው በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል መጠጣት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት አይገባም፤ ያለ ልክ የተጠጣ ውኃ የደምን ጨው አቅጥኖ ሌላ አደጋ ያመጣል። በሞተር ላይ በየ20 ደቂቃው መቆም የሚያስቸግር ቢሆንም በየግማሽ ሰዓቱ ወይም ቢዘገይ በየ45 ደቂቃው ቆሞ መጠጣት ይቻላል። ለአራት ሰዓት ጉዞ አራት ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ በተጨማሪም ልብስ ለመንከሪያ ሁለት ሊትር ቢያዝ መልካም ነው። የውኃ መያዣው በእርጥብ ጨርቅ ቢጠቀለል እንደ እንስራው ይቀዘቅዛል። ሽንት ነጣ ያለ ከሆነ ውኃው በቅቷል፤ ጠቆር ካለ ግን ጎድሏል ማለት ነው።

ላብ ጨውንም ይዞ ይወጣል። በመደበኛ ሰዓቱ የሚመገብ ሰው ከወጥና ከሽሮ የሚያገኘው ጨው ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ለብዙ ሰዓታት ያላበው ግን ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጦ ቢጠጣ ይጠቅመዋል። እርሱ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። የጨው መጠን ከዚህ እንዳይበልጥ ጥንቃቄ ይደረግ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ውኃን ከአካል ስለሚያስወጡና ማስተዋልን ስለሚያደበዝዙ ከጉዞ በፊትም ሆነ በጉዞ ላይ ፈጽሞ አይጠጡ።

ይህ ምክር ከጾም ጋር እንዴት ይስማማል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ዐቢይ ጾም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሚውል በብዙ ቆላ ከሙቀቱ ብርታት ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ አገልጋይ በቀትር ፀሐይ 100 ኪሎ ሜትር ቢጋልብ አካሉ የሚያጣውን ውኃ የሚተካበት መንገድ የለውም። መፍትሔውም በአብዛኛው በሰዓት አደላደል ላይ ነው። ጉዞው በማለዳ ተጀምሮ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በፊት እንዲያበቃ፣ የመልሱም ጉዞ ለማግሥቱ ማለዳ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ሊቆይ የማይችል መንገድ ሲኖር ተጓዡ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ አባቶችም ፈቃድ ሲጠየቁ የመንገዱን ርዝመትና የሙቀቱን ጽናት አብረው እንዲያገናዝቡ ይህ ጽሑፍ ይረዳቸዋል።

የጉዞ ሰዓት

በቆላ ለጉዞ የሚመረጠው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ መቆም፣ በጥላ ማረፍ ይገባል። የቀሩት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ካሉ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሊጠናቀቁ ይችላሉ። ሙቀትን ለመሸሽ ሲባል በሌሊት መጓዝ ግን ሌላ አደጋ መጥራት ነው። ከብቶች መንገድ ላይ ይተኛሉ፤ የተበላሹ የጭነት መኪናዎችም መብራት ሳይኖራቸው ቆመው ይገኛሉ።

ሞተሩም ይሞቃል

በየአጥቢያው የሚታዩት አብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች የሚቀዘቅዙት በሚያልፍባቸው ነፋስ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አስነሥቶ በቆመበት ለረጅም ጊዜ ማቆየት ያግለዋል። ከመጠን በላይ ከጋለ አጥፍቶ በጥላ ማሳረፍ እንጂ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት አይገባም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሞተር ዘይት መጠን በየማለዳው ይታይ፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራማ መንገድ ከተጓዙ በኋላ ይጽዳ።

የጎማ ነፋስ የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በጉዞ ላይ ነፋሱ መጨመሩ ያለ ነገር ስለሆነ የሞቀ ጎማ አይተንፈስ፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል። ከደጋ የወረደ ሰው በቆላ ካደረ በማግሥቱ ማለዳ እንደገና ይለካ። ቤንዚን በየአሥር ዲግሪው ሙቀት አንድ ከመቶ ያህል ስለሚሰፋ ሰልባቲዮው እስከ አፉ አይሞላ። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ብቻ እየያዙ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋል፤ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይሻላል። በጋለ አስፋልት ላይ ሞተሩ ሲቆም የጎን ማቆሚያው ሰምጦ እንዳይወድቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ ይደረግ።

የአደጋ ምልክቶችና የመጀመሪያ ርዳታ

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች በአነዳድ ላይ ይታያሉ። ማርሽ መቀየር መርሳት፣ ከኩርባ ዘግይቶ መታጠፍ፣ የቅርብ መንገድ ትዝ አለማለት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ሙቀት ማስተዋልን መንካቱን ያመለክታሉ። በዚህ ጊዜ «ትንሽ ስለቀረኝ ልድረስ» ማለት አደገኛ ነው። ወዲያው መቆም ይገባል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅና ብዙ ላብ ከታዩ የሙቀት ድካም ነው። ሰውየው በጥላ ይተኛ፤ ጃኬቱና የራስ ቁሩ ይውለቁ፤ ሰውነቱ በውኃ ይራስ፤ ውኃ ወይም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቢሻለውም በዚያ ቀን ሞተር አይንዳ።

ሰውየው ከተቀባጠረ፣ ከተንገዳገደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ የአካሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ይህ ሐኪሞች የሙቀት ምት የሚሉት፣ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ነው። ላብ መኖሩም ሆነ አለመኖሩ አያታልል። ሕክምና እስኪደርስ አይጠበቅ፤ ወዲያው በተገኘው ውኃ መላ ሰውነቱ ይራስ፤ በጨርቅ ወይም በካርቶን ይራገብ። ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድም ማቀዝቀዙ አይቋረጥ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ። ከሞተር ወድቆ ከሆነ ግን አንገቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መተንፈስ ካልከለከለው በቀር የራስ ቁሩን ያልሠለጠነ ሰው አያውልቅ።

አንድ ነገር እንጨምር። ቆላ የወባም አገር ነው። ራስ ምታት፣ ትኩሳትና ማስመለስ የሙቀትም የወባም ምልክቶች ናቸው። በጥላ አርፎና ውኃ ጠጥቶ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ተጓዥ «ፀሐይ መታኝ» ብሎ ሳይዘናጋ የደም ምርመራ ያድርግ። ትኩሳት ይዞ ሞተር መንዳትም አይገባም።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በተጓዡ ጥንቃቄ ብቻ አይፈጸምም። የሰበካ ጉባኤዎች የሚከተሉትን ቢወስኑ የአገልጋዮቻቸውን ሕይወት ይጠብቃሉ።

1. በሙቀት ወራት ከሩቅ የሚመጣ ሰው የሚጠበቅበት ስብሰባ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እንዲጀመር ቢደረግ፤ እንግዳውም እስከ አሥር ሰዓት የሚያርፍበት ጥላ ያለው ቦታ ቢዘጋጅ።
2. የሞተር ግዢ ሲታቀድ ነጣ ያለ የራስ ቁር ለነጂና ለተሳፋሪ፣ ጃኬት፣ ጓንትና የውኃ መያዣ በአንድነት በበጀት ቢያዙ።
3. በአጥቢያው ግቢ ንጹሕ የመጠጥ ውኃና ጥቂት እሽግ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ዘወትር ቢኖር።
4. ተጓዡ ሲነሣ የሚደርስበት ሰዓት ለአንድ ሰው ቢነገር፤ ከዘገየም የሚፈልገው ሰው አስቀድሞ ቢወሰን።
5. በሙቀት ምክንያት ጉዞውን ያቋረጠ ወይም ያሳደረ ሠራተኛ እንደ ሰነፍ ባይቆጠር።

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሠራተኛው ቢዘገይ የሚጠብቀው ወቀሳ መሆኑን ካወቀ፣ ራሱ እየዞረበትም ቢሆን መንገዱን ይቀጥላል። «አሳድርና በጠዋት ና» የሚል ቃል ከጉባኤው አስቀድሞ ከተነገረው ግን ከዛፍ ሥር ለመቆም ድፍረት ያገኛል። የውኃ ቦኖው ጥገና አንድ ቀን ቢዘገይ በማግሥቱ ይፈጸማል፤ ጠጋኙ በመንገድ ከቀረ ግን የሚተካው የለም።